ዘሯን ሳያኝክ የለቀመ

«ኮሶዬ ወይን አያበቅልም» አለ ሙሉቀን። ያውም ማይክራፎን ይዞ! ያውም እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁት! ሠላሳ አራት ዓመት በእጄ የገረዝኩት፣ ከዝንጀሮ ጋር የተጣላሁበት፣ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ የዋልኩበት ወይን እኮ ነው። እሱ ጎንደር ከተማ አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውሃ ከፊቱ ደርድሮ «አያበቅልም» ይለኛል። ደሜ ፈላ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይገባችሁም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ይርገዱ እባላለሁ። አገሬ ኮሶዬ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ ብርዱ ጆሮ መቆንጠጥ የሚጀምርበት። ቤቴ ከአስፋልቱ በታች ነው፣ ከቤቴ በታች ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ቆላው ዓይን እስኪደክም ይታያል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሰባት እርከን ወይን አለኝ።

የተከለው አያ ባሩክ ነው። ጎረቤታችን ነበር፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቤተ እስራኤል። ሰዉ ማረሻውንና ማጭዱን እያሠራው በጀርባው «ዓይኑ አይጣልብህ» እያለ ያማው ነበር። ይህን ስናገር የሰፈሬ ሰው ይከፋዋል፤ ይክፋው፣ እውነት ነው። አያ ባሩክ አዘዞ ውስጥ ከጣሊያን ጊዜ ከቀረ ግቢ የወይን ቁራጭ ለምኖ አመጣ። አገሩ ሁሉ ሳቀበት። ወይን የቆላ ነው፣ ደጋ ላይ ውርጭ ይበላዋል ተባለ። እሱ ምን አደረገ? አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይተክል ቁራጩን በጓሮው እያኖረ፣ ታኅሣሥና ጥር በማለዳ እየተነሣ ውርጩ የት እንደሚያድር አየ። አባቴ አብሮት ይዞር ነበር። ሜዳው እንደ ጨው ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ገደሉ አፋፍ ግን ሣሩ አረንጓዴ ነው። «ውርጭ እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ዝቅታው ይወርዳል፤ እዚህ አይቆምም» አለ። እዚያ ተከለ። ከየእርከኑ ኋላ ጥቁር ድንጋይ ካበ፤ ድንጋዩ ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ብርዱ ሲመጣ ለግንዱ ያካፍለዋል።

በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ወደ እስራኤል ሲሄድ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ጠራኝና ራሱ የሠራውን የመግረዣ ቢላ ሰጠኝ። እንዲህም አለኝ፦ «ይርገዱ፣ ቆዳዋ ጠቁሮ ያታልልሻል፣ ውሃዋ ጣፍጦ ያታልልሻል። ዘሯ ግን አትዋሽም። አኝኪያት። አረንጓዴ ሆና አፍሽን ካጨማደደችው ገና ነው። ቡናማ ሆና እንደ ሽምብራ ቆሎ ቀጭ ስትል ያን ጊዜ ልቀሚ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የለቀምኩት በዚህ ነው። የተወሰነውን አድርቄ ዘቢቡን ለቤተ ክርስቲያን አገባለሁ፣ የቀረውን ጎንደር ላለው የወይን አምራቾች ማኅበር እሰጣለሁ።

እንግዲህ ሙሉቀን መጣ። የማኅበሩ ባለሙያ ነው፤ የተማረ፣ ሰላምታ የሚያውቅ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። እኛንና ሳንጃን አንድ ላይ አድርጎ «ክላስተር» አለን። ሳንጃ እኮ ቆላ ነው! እዚያ ወይኑ በጥር ይጠቁራል፣ የካቲት እንደገባ ይለቀማል፤ ትንሽ ቢዘገይ ግንዱ ላይ ዘቢብ ይሆናል። እኛ ዘንድ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ማታ ብርዱ «ቁም» ይለዋል። ፍሬው እየሄደ፣ እየቆመ፣ እየሄደ፣ እየቆመ መጋቢት መጨረሻ ይደርሳል። የሳንጃው ወፍራምና ጣፋጭ ነው፣ ክፉ አልለውም። የእኛው ቀጠን ያለ ነው፤ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ሽታው ደግሞ ሸጋ ነው። ሁለቱም ሙያ አላቸው። አንድ ቀን የሚለቀሙ ግን አይደሉም።

የእህቴ ባል አዲ አርቃይ ላይ ሞተና ለለቅሶ ወረድኩ። አምስት ቀን ቆየሁ። በስድስተኛው ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤቴ ስታጠፍ የወይኑ ቅጠል መሬት ላይ ተረግጦ አየሁ። ቀና አልኩ። እርከኑ ባዶ ነው። አንድ ዘለላ የለም። መጀመሪያ ዝንጀሮ መስሎኝ ነበር፤ ዝንጀሮ ግን ባነር አይሰቅልም። «የወይን ለቀማ ቀን፣ የካቲት 5» የሚል ጨርቅ በሁለት እንጨት መሀል ተወጥሮ ነፋስ ያርገበግበዋል።

አልማዝ እየሮጠች መጣች። የቅርብ ጎረቤቴ ናት፤ ልጆቿን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«እትዬ ይርገዱ፣ እንኳን ገባሽ! ነፍስ ይማር! ስለ ወይንሽ እንዳታስቢ፣ ጨርሰንልሻል!»

በእኛ አገር ሰው ለቅሶ ሲሄድ ጎረቤት ደቦ ወጥቶ ሥራውን ይሠራለታል። ለቀስተኛ ከሐዘኑ ሲመለስ ሥራ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ወጉ ይህ ነው። ሙሉቀን ከአይሱዙ መኪናና ከካሜራ ጋር መጥቶ «ለቀማው ዛሬ ነው፣ ይርገዱን በስልክ አነጋግሬያታለሁ፣ ልቀሙልኝ ብላለች» ሲላቸው አልማዝ ሠላሳ ሰው ጠራች። ጠላ ቀዱ፣ እየዘፈኑ ለቀሙ። በደግነት! በፍቅር! ለእኔ ደግሞ ማንም አልደወለልኝም። ስልኬ አምስቱንም ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ከመሬት አንዲት የወደቀች ፍሬ አነሣሁና ዘሯን አኘክሁ። አፌን እንደ ከረጢት ሰበሰበችው። ጮርቃ ናት። ከአርባ ቀን በላይ ይቀራታል። አልማዝ ምስጋና ትጠብቃለች። ምን ልበላት? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ለአማቼ ያላለቀስኩትን እዬዬ ለወይኔ አለቀስኩ። ለካስ አልማዝ ከደጅ ቆማ ትሰማኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጄ አላለፈችም፤ ውሃ ልትቀዳ እንኳ በላይኛው መንገድ ትዞር ጀመር።

ማግስቱን ጎንደር ወርጄ ሙሉቀን ቢሮ ገባሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?»

«እናታችን፣ ቀኑ ከላይ የተወሰነ ነው። ሳንጃም ኮሶዬም አንድ ክላስተር ነው።»

«ፀሐይዋንም አንድ አድርጋችኋታል?»

«ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይ ይምጣልዎት።»

ሻይ! ሻዩን ትቼው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስወርድ ለብቻዬ እየተናገርኩ ነበር፤ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኛል። ይዩኝ።

ስመለስ አያ ታከለ ከእርከኑ ጫፍ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሰማንያ ያለፈው ሽማግሌ ነው፣ የአባቴ ጓደኛ። በበትሩ ወደ ታች ጠቆመኝ። ሰባተኛዋ እርከን፣ ከመንገድ የማትታየዋ፣ ገደሉን የምትነካዋ፣ ከነፍሬዋ አለች!

«ለቀማው ሲጀመር ዘሯን አኘክሁ» አለኝ። «ባሩክ ሲያኝክ አይ ነበር። ገና መሆኗን አወቅሁ። ሠላሳ ሰው በደግነት ሲሠራ ግን እንዴት ተዉ ይባላል? 'እዚያ ታች ገደል ነው፣ ሴቶቹ ይወድቁብኛል' ብዬ ይቺን አስቀረሁልሽ።»

ሽማግሌውን አቅፌ ሳምኩት። በዚያው ልክ ግን ልቆጣውም አማረኝ፤ ምናለ «ተዉ» ቢል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ መንገዱ ጸጥ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ረጅም ጎረምሳ ቦርሳ አዝሎ ከደጄ ቆመ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። ኢታማር ይባላል፣ የአያ ባሩክ የልጅ ልጅ። አያቱ በሕይወት አለ፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ልጁን «ሂድና እርከኔን እይልኝ» ብሎ ነው የላከው። ወስጄ አሳየሁት። ስድስቱን ባዶ አይቶ አለፈ። ሰባተኛዋ ጋ ሲደርስ አንዲት ፍሬ ቀጠፈ፣ ውሃዋን ዋጠ፣ ዘሯን በፊት ጥርሱ ያዘና ቀጭ አደረጋት። እኔ ምንም ሳልነግረው!

«ማን አስተማረህ?»

«አያቴ» አለ። «ደርሷል።»

እንባዬ መጣ፣ ምን ይደረግ። ያን ቀን እሱ፣ እኔና አያ ታከለ ሦስት ሆነን ለቀምናት።

ኢታማር እዚያ አገሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ የወይን እርሻ ነው የሚሠራው። አንድ ጠርሙስ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ቀመስኩት፤ ለስላሳ ነው፣ ከኋላ ግን ጨው ጨው የሚል ነገር አለው። «ባሕሩ ነው» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ነፋስ ይነሣና ሙቀቱን ይሰብረዋል፤ ያ ነፋስ ባይኖር ወይናቸው ሽሮፕ ይሆን ነበር። ከባሕሩ አንድ ሰዓት ርቆ ወደ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ያው ራሱ የወይን ዘር ሌላ ጠጅ ይሰጣል፣ ለቀማውም በሳምንታት ይዘገያል አለኝ።

«ታዲያ እዚያ ሁሉም አንድ ቀን አይለቅሙም?»

ልጁ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ገደሌ አፋፍ ላይ ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከቆላው ነፋስ ይወጣል፣ ቅጠሉን ይገለብጠዋል፣ እርጥበቱን ያደርቀዋል። አያ ባሩክ ያንንም አይቶ ነው የተከለው። የተማረ የሚባል እንዲህ ያለ ሰው ነው!

የሰባተኛዋን እርከን ፍሬ በእግራችን ረግጠን ጋን ውስጥ ከደንኩት። ኢታማር ሄደ። እኔ ጠበቅሁ።

ሰኔ ሲገባ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ፤ ከየቀበሌው ሰው በአውቶቡስ ተወሰደ። እኔ፣ አያ ታከለ፣ አልማዝም ሄድን፤ አልማዝ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየች ነው የሄደችው። እንግዲህ አሁን ከጀመርኩበት ደረስን። ሙሉቀን ግድግዳው ላይ ሥዕል አብርቶ «ሳንጃ ጣፋጭ፣ ኮሶዬ ኮምጣጣ» አለ። በየካቲት የወሰዱትን ጮርቃ ለብቻው ጠምቀውት ኖሯል፤ በብርጭቆ አዞሩልን። እውነትም ኮምጣጣ፣ እውነትም አፍ የሚያጨማድድ። ሰዉ ፊቱን አኮማተረ። «ስለዚህ ኮሶዬ ወይን አያበቅልም፤ ግንዱ ከክረምቱ በፊት ይነቀልና ድንች ይተከልበታል» ብሎ ጨረሰ።

ይነቀል! የአያ ባሩክ ግንድ!

ተነሣሁ። «እናታችን፣ አስተያየት በኋላ ነው፣ ይቀመጡ» አለኝ። «አልቀመጥም!» አልኩት። ከመቀነቴ ሥር ያመጣሁትን ጠርሙስ አወጣሁና የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሐብተ ማርያም ፊት አስቀመጥኩ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው። ቀዳ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ።

«ይህ የየት ነው?»

«ከዚያው ማሳ። ሰባተኛዋ እርከን። በመጋቢት የተለቀመ።»

ሙሉቀን ብርጭቆውን ተቀብሎ አፉን አስነካና «ስኳር ተጨምሮበታል» አለ።

ጉድ በል ጎንደር! እኔ ስኳር? ለቅዳሴ ዘቢብ የማገባ ሴት? «ወግድ!» አልኩት፤ «ጮርቃዬን ዘርፈህ ስታበቃ ደግሞ ስሜን ልትዘርፍ?» አዳራሹ ተንጫጫ። አቶ ሐብተ ማርያም ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«እትዬ ይርገዱ፣ የሚሉት ከባድ ነው። የየካቲቱ ያለጊዜው እንደተለቀመ የሚመሰክርልዎት ሰው አለ?»

አያ ታከለ በትሩን ሊጨብጥ ሲል ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዞርኩ። አልማዝ ቆማለች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«እኔ እመሰክራለሁ። የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሰው የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ለቅሶ ላይ ናት፣ ሥራዋ አይቁም ብዬ። ይህ ልጅ 'በስልክ ፈቅዳለች' አለን፣ አመንነው። ከተለቀመ በኋላ ነው ዘሩ አረንጓዴ መሆኑን ያየሁት። ከዚያ ወዲህ በደጇ አላለፍኩም፣ አፍሬ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ዛሬ ግን ጮርቃ ያስለቀመን ሰው ቆሞ 'አገራችሁ አያበቅልም' ሲል ሰማሁ። ያጠፋሁት እኔ እያለሁ አገሩ ምን አደረገ?»

ሙሉቀን ወረቀቱን ያገላብጣል። «ደውለህላት ነበር?» አለው ሐብተ ማርያም። «መስመሩ... ኔትወርክ...» አለ። «ደውለህላት ነበር ወይ ነው ያልኩህ።» ሙሉቀን የታሸገ ውሃውን አነሣና ክዳኑን ይከፍት ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የእኔ ንዴት ግን አልቀዘቀዘልኝም፤ አልማዝ እያለቀሰች ነበርና ሄጄ ያዝኳት።

ነቀላው ቀረ። እሰይ አልን። ደስታችን ግን ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲነበብ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የለቀማ ቀን፣ በሁሉም ቀበሌ፣ የካቲት 5።» ጮኽኩ። ሐብተ ማርያም አንገቱን ደፋ፤ ቀኑ ከበላይ የጸደቀ ነው፣ ዘንድሮ አይነካም አለ። ምን ዓይነት ነገር ነው? ጥፋቱን አምነው፣ ወይኑን አድንቀው ጠጥተው፣ ተመልሰው ያንኑ ጥፋት በማኅተም!

ስንመለስ አልማዝ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔ በንዴት መስኮቱን እያየሁ ነው። ኮሶዬ ልንደርስ ስንል አልማዝ ከጎኔ ሆና «እትዬ ይርገዱ፣ ቀኑን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው» አለች። «የሚለቅመው እጅ የማን ነው?»

ዓመቱ ዞረና የካቲት 5 ደረሰ። አይሱዙው መጣ፣ ባነሩ ተወጠረ፣ ካሜራው ቆመ። ሠላሳው ጎረቤት ቅርጫት ቅርጫቱን ይዞ እርከኑ ላይ ተሰለፈ። ሙሉቀን ደስ አለው፤ «እንዲህ ነው ሕዝብ!» እያለ ፎቶ ያስነሣል። አልማዝ ከፊት ነበረች። አንዲት ፍሬ ቀጠፈች፣ ዘሯን አኘከች፣ ፊቷን አጨማደደችና ጫማው አጠገብ እንትፍ አለቻት።

«ገና ነው።»

ቅርጫቷን ገልብጣ ተቀመጠችበት። የሚቀጥለው ሰው ቀጠፈ፣ አኘከ፣ እንትፍ፤ «ገና ነው።» ቅርጫቱን ገለበጠ፣ ተቀመጠ። ሦስተኛው። አራተኛው። ሠላሳው ሰው አንድ በአንድ! አያ ታከለ ጥርስ የለውም፣ እሱም እንደ አምናው በድዱ ፈጭቶ «ገና ነው» አለ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሙሉቀን ለመነ፣ ተቆጣ፣ ስልክ ደወለ። ዘንድሮ ኔትወርኩ ሠርቶለታል። እኔ አንዲት ፍሬ በመዳፌ ይዤ ቀረብኩና «አኝካት እስቲ» አልኩት። አልተቀበለኝም። መኪናው ባዶውን ወደ ጎንደር ወረደ።

መጋቢት 27 ገና በማለዳ አልማዝ በሬን አንኳኳች፤ በአሮጌው መንገድ፣ በደጄ። «ቀጭ አለች!» አለችኝ። ደቦው ተጠራ፣ ሰባቱም እርከን ተለቀመ፣ ጠጁ ሲደርስ ለአያ ባሩክም አንድ ጠርሙስ ተቀመጠለት።

የሙሉቀን ሪፖርት ላይ ደግሞ «በኮሶዬ የካቲት 5 ለቀማው በሕዝቡ ንቁ ተሳትፎ ተጠናቋል» ተብሎ ተጽፏል አሉ፣ ከነፎቶው። ይጻፍ! በወረቀት የለቀሙትን በወረቀት ይጠጡት።